«አልፈልግም» ያለው ማነው? የማረሚያ ቤት የፍሉ ክትባት ሥራ ማስታወሻ

ክትባቱ ከመድረሱ በፊት

ያለፈውን ወቅት መዝገብ ዘርግተን ነው የጀመርነው። ሽፋኑ ዝቅተኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሪፖርቱ ላይ የተፃፈው ምክንያት ደሞ አንድ መስመር ነው፣ «ታራሚዎች ፈቃደኛ አይደሉም»። ይቺ ዓረፍተ ነገር ሁሌ ታናድደኛለች፣ ምክንያቱም ማን እንደጠየቃቸው፣ የት እንደጠየቃቸው፣ ምን ብሎ እንደጠየቃቸው አትናገርም። ከሲስተር ጋር ሆነን ስም በስም እያየን ለአራት ከፈልነው፦ የተከተበ፣ ተጠይቆ አልፈልግም ያለ፣ ጭራሽ ያልተጠየቀ፣ እሺ ብሎ ግን ሳይከተብ የቀረ። አራተኛዎቹ ፍርድ ቤት ቀጠሮ የነበራቸው፣ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት የተዘዋወሩ፣ ወይ ደሞ ወደ ክሊኒክ አጅቦ ሚያመጣቸው ጥበቃ ያልተገኘላቸው ናቸው። መዝገቡ ላይ «ተከተበ» እና «አልተከተበም» ሚሉ ሁለት ኮለሞች ብቻ ስለነበሩ ሪፖርት ሲሰራ ሁሉም እምቢ እንዳሉ ተቆጠረ። ያልተጠየቀ ሰው እምቢ አለ ተብሎ ሲፃፍ የአሰራሩ ጉድለት በሱ ላይ ተለጠፈ ማለት ነው።

ስለዚ መጀመሪያ የነካነው ፎርሙን ነው። አዲሱ የኤክሴል ሺት ላይ ለያንዳንዱ ሰው የተጠየቀበት ቀን፣ የጠየቀው ባለሙያ፣ መልሱ፣ እምቢ ካለ ምክንያቱ በራሱ አባባል፣ ድጋሚ ቢጠየቅ ይፈልግ እንደሆነ፣ እነዚህ አሉበት። ባዶ ሴል ማለት «ገና አልጠየቅነውም» ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ይሄን ህግ ከአስተዳደሩ ጋር ቀድመን ተስማማንበት፣ ምክንያቱም መሀል ላይ «ሽፋኑ ለምን ዝቅ አለ» ተብሎ ባዶዎቹን እምቢ አድርጉልን እንዳንባል።

ይሄ ሁሉ ድካም ለፍሉ ነው ወይ ያለን የሥራ ባልደረባ ነበር። የሳን ኩዌንቲንን ታሪክ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1918 ኤፕሪል ላይ ከሎስ አንጀለስ አንድ የታመመ እስረኛ ወደዛ የካሊፎርኒያ እስር ቤት ተዛወረ፣ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለ፣ ከዛ ግቢው ውስጥ ከነበሩት 1,900 ገደማ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ታመሙ። የእስር ቤቱ ሐኪም ሊዮ ስታንሊ ነው መዝግቦ ያስቀመጠው። የዛን ጊዜ ክትባት አልነበረም፣ አሁን አለ፣ የሰዉ አኗኗር ግን ያው ነው፦ አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው፣ አልጋ በአልጋ ተጠጋግቶ፣ አየሩ ሚወጣበት መስኮት ጠባብ። ፍሉ ደሞ ከተያዙ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ1 እስከ 4 ቀን ስለሚወስድ አዲስ ገቢ በር ላይ ጤነኛ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ለሐኪም ሚያደርስ ህመምን ክትባቱ በደንብ በገጠመበት አመት ከ40 እስከ 60 ፐርሰንት ነው ሚቀንሰው፣ ፍፁም መከላከያ አይደለም፣ ይሄንንም ለታራሚዎቹ እንዳለ እንነግራቸዋለን። አስም፣ ስኳር፣ የልብ ህመም፣ ኤችአይቪ ያለበትና እድሜው የገፋ ሰው በበዛበት ግቢ ግን ይሄም ብዙ ነው።

ፍሪጁና ሳጥኑ

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ነው ሚቀመጠው። የክሊኒኩ ፍሪጅ ከኢንሱሊን ጋር ምንጋራው ትንሽዬ ነው። ክትባቱ ሳይገባ ሚኒመም ማክሲመም ሚይዝ ቴርሞሜትር ቦታ እያቀያየርን አሳደርንበት። መሀል መደርደሪያው ጥሩ ነው፣ በሩ ላይ ያለው ይሞቃል፣ ከኋላ ግድግዳው ጋር የተጠጋው ደሞ ሌሊት ከዜሮ በታች ወርዶ አደረ። ለፍሉ ክትባት ከመሞቅ ባልተናነሰ መቀዝቀዝ ነው ሚያሰጋው፣ በረዶ ከሰራ ይጣላል። ለሌሎች ክትባቶች ምንጠቀምበት ሼክ ቴስት፣ ማለት ብልቃጡን ነቅንቆ በረዶ ሰርቶ እንደነበር ማወቂያው፣ እዚህ ጋር አያገለግልም፣ እሱ አሉሚኒየም ላለባቸው ክትባቶች ነው፣ የኛ የለበትም፣ ስለዚ በዓይን አይቶ «ደህና ነው» ማለት አይቻልም። የኋላውን ግድግዳ በሙሉ ውሃ በሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ደረደርነው፣ ሁለት ጥቅም አለው፣ ክትባቱ ወደዛ እንዳይጠጋ ይይዛል መብራት ሲጠፋ ደሞ ቅዝቃዜውን ያቆያል። ሙቀቱ ጠዋትና ማታ ይፃፋል፣ ቅዳሜና እሁድ ተረኛው ይፅፋል።

ታራሚዎቹ ወደሚኖሩባቸው ዞኖች ይዘን ምንሄደው ቫክሲን ካሪየር፣ የክትባት መያዣ ቀዝቃዛ ሳጥኑ ላይ ደሞ አይስ ፓኩ ከፍሪዘር እንደወጣ ከገባ ክትባቱን ያቀዘቅዘዋል። አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ማቆየት፣ ጆሮ አጠገብ አድርጎ መነቅነቅ፣ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ ያኔ ማስገባት። ይሄ ጊዜ ይፈልጋል። የጠዋት የታራሚ ቆጠራ ሲጀመር አይስ ፓኩ ከወጣ ቆጠራው አልቆ በር ሲከፈት ሳጥኑ ዝግጁ ይሆናል፣ ሁለቱን ሰዓት ማገናኘታችን ብዙ ቀን ጠቅሞናል።

የስምምነት ወረቀቱ

የነበረው ፎርም ሁለት ገፅ ነው፣ ቋንቋው የፍርድ ቤት ነው፣ መጨረሻው ላይ ፊርማ። ይባስ ብሎ እምቢ ያለም ይፈርማል። እስር ላይ ያለ ሰው ወረቀት ቀርቦለት ፈርም ሲባል ፖሊስ ፊት ቃል የሰጠበት ቀን ነው ትዝ ሚለው፣ አንዱ ታራሚ እንደውም ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አይቶ «ይሄ ፋይሌ ላይ ይያያዛል?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከህግ ክፍሉ ጋር ተነጋግረን ማብራሪያውን ወደ አንድ ገፅ አወረድነው፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሚገባ አድርገን፣ ስምምነቱ በቃል ሆኖ ባለሙያው ክሊኒክ ካርዱ ላይ እንዲመዘግብ ተደረገ፣ የእምቢታ ፊርማ ሙሉ በሙሉ ቀረ። ካርዱ ክሊኒክ ነው ሚቀመጠው፣ ከክስ ፋይል ጋር አይገናኝም፣ ይሄንን ሳንጠየቅ ቀድመን እንናገራለን።

አንደኛ ሳምንት

በነበረው መንገድ ጀመርን፣ ለማነፃፀሪያ ያህል። ዝርዝሩ ለጥበቃ ይሰጣል፣ ጥበቃው ስም ይጠራል፣ ሚመጣ ይመጣል። ወረፋው ክሊኒክ በር ላይ ነው፣ ከህክምና ፈላጊው ጋር ተቀላቅሎ፣ የታመመው ያልታመመው አንድ ላይ እያሳለ ቆሞ። ዝርዝሩ የወጣው ደሞ የቤተሰብ መጠየቂያ ሰዓት ላይ ነው። ቤተሰቡ በር ላይ እየጠበቀው ማን ነው መርፌ ልወጋ ብሎ ሚሰለፍ? ሥራ ላይ ያሉትም፣ እንጨት ሥራና ወጥ ቤት ሚሰሩት፣ ከሥራ ከቀሩ ክፍያቸው ስለሚነካ አልመጡም። ሺቱ ላይ የዛን ሳምንት ብዙው ሴል ባዶ ነው፣ «አልፈልግም» ሚለው ግን ጥቂት ነው። ከአምናው ሪፖርት ጋር ጎን ለጎን ሳደርገው ጥርጣሬያችን ልክ እንደሆነ ታየኝ።

ሁለተኛ ሳምንት፣ ወደ ዞን

ካሪየር፣ ሲሪንጅ፣ ጥጥ፣ ያገለገለ መርፌ ሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ፣ አድሬናሊን ያለበት የድንገተኛ ቦርሳ፣ ታጣፊ ወንበር ይዘን ራሳችን ሄድን። የሲሪንጅና የመርፌ ቆጠራ ስንገባና ስንወጣ ከጥበቃ ጋር ይፈረማል፣ አንድ መርፌ ከጎደለ ዞኑ በሙሉ ይፈተሻል፣ ስለዚ ሴፍቲ ቦክሱ ከአንድ ሰው እጅ አይወጣም። ከተወጉ በኋላ 15 ደቂቃ ተቀምጠው ይቆያሉ፣ ብዙ ጊዜ ሚያጋጥመው አለርጂ ሳይሆን ራስ መሳት ነው፣ ወጣቶች ላይ በተለይ፣ እና ቆሞ መወጋት ከለከልን።

የመጀመሪያው ዞን ላይ ቁጥሩ ጨመረ ግን የጠበቅነውን ያህል አይደለም። ሲስተር ናት ያስተዋለችው። አባባ ምንላቸው አንድ አዛውንት ታራሚ አሉ፣ አስም አለባቸው፣ በር ላይ ሆና «አባባ፣ ክትባቱን ይወስዳሉ?» ስትላቸው ከኋላዋ የቆመውን ጥበቃ በዓይናቸው አዩና «አልፈልግም ልጄ» አሉ። መዝግበን አለፍን። ከሰዓት ለኢንሄለር ክሊኒክ ሲመጡ ብቻቸውን ነበሩ፣ ሲስተር ድጋሚ አልጠየቀቻቸውም፣ ጠዋት ለምን እንዳልፈለጉ ብቻ ነው የጠየቀቻቸው። «አምና ከተወጋሁ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ተኛሁ፣ መርፌው ነው ያመመኝ። ያንን እሱ ፊት ብናገር እምቢተኛ ናቸው ተብዬ እንዳልፃፍ ብዬ ነው» አሏት። ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው፦ በመርፌ ሚሰጠው ክትባት ውስጥ ህይወት ያለው ቫይረስ የለም፣ ፍሉ ሊያሲዝ አይችልም፣ ክንድ ማመም ትንሽ ትኩሳት ድካም አንድ ሁለት ቀን ሊኖር ይችላል፣ መከላከያው ሰውነት ውስጥ እስኪገነባ ደሞ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፣ በዛ መሀል ወይ ከዛ በፊት የገባ ቫይረስ ካለ ያማል። «እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ክንዳቸውን ሰጧት።

ከዛ ቀን ጀምሮ ጥያቄው ጥበቃ በማይሰማበት ርቀት ሆነ። ጥበቃው ያያል ግን አይሰማም፣ ኮሪደሩ ጫፍ ይቆማል። አስተዳደሩ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፣ የተባበሩት መንግስታት የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ሚባለው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የፀደቀው፣ የታራሚ ፈቃድና የህክምና ሚስጥር እንደ ማንኛውም ታካሚ ይጠበቅ ይላል፣ ያንን ይዘን ስንሄድ ተስማሙ። ወጪው ዜሮ ነው። ከሞከርናቸው ነገሮች ሁሉ ይሄን ያህል ለውጥ ያመጣ የለም።

ምክንያቶቹን ስናነብ

እምቢ ያሉት በራሳቸው አባባል የተናገሩትን ሲስተር ማታ ማታ ወደ ሺቱ ትገለብጣለች። «ለጉንፋን መርፌ ምን ያደርጋል» ሚሉ አሉ፣ «መርፌ እፈራለሁ» ሚሉ አሉ፣ «ቆይ ሌሎቹ ምን እንደሚሆኑ ልይ» ሚሉት ብዙ ናቸው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ እምቢ አላሉም፣ ጊዜ ነው የጠየቁት፣ ሺቱ ላይ «ቆይ» ሚል የራሱ ኮድ ሰጠናቸውና ከሳምንት በኋላ ተመለስን። ብዙዎቹ ተከተቡ።

ሁለት ጥያቄዎች ላይ ግን ጊዜ ወሰድን። አንዱ «አምና አራት አይነት ነው ተባልን፣ ዘንድሮ ሦስት ነው፣ እስረኛ ስለሆንን ነው የቀነሳችሁብን?» የሚል ነው። በእውነት እዚህ ሆኖ ሲታሰብ ሚያስጠረጥር ነገር ነው። መልሱ ግልፅ ነው፣ ቁጥሩ ክትባቱ ሚከላከላቸው የፍሉ ቫይረስ ዝርያዎች ነው፣ ከነሱ የቢ አይነት ከሆኑት አንዱ፣ ቢ ያማጋታ ሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ማርች ወዲህ የትም አልታየም፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዲወጣ መከረ፣ ደጅ ያለውም ሰው ሦስቱን ነው ሚወስደው። ድርጅቱ በዓመት ሁለቴ፣ ፌብሩዋሪ ላይ ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሴፕቴምበር ላይ ለደቡቡ፣ የትኛው ዝርያ ይግባ ብሎ ይወስናል፣ በየዓመቱ ምንመጣውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነው፦ «እኛ ላይ ነው ሚሞክሩት?» ይሄን «አይ፣ ወሬ ነው» ብሎ ማለፍ ነውር ነው፣ ምክንያቱም ተደርጓል። አሜሪካ ፊላዴልፊያ ሆምስበርግ እስር ቤት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1974 ታራሚዎች ላይ የቆዳ መድሃኒትና ኬሚካል ተሞክሯል፣ የፍሉ ክትባት ራሱ በ1940ዎቹ ሚሺጋን ይፕሲላንቲ የአእምሮ ህሙማን ሆስፒታል ውስጥ ተሞክሮ የተከተቡት ሆን ተብሎ ለቫይረሱ እንዲጋለጡ ተደርጓል። ይሄንን እኛው ራሳችን ተናገርን። ከዛ የዘንድሮው ክትባት ደጅ ለሰራተኛ፣ ለአዛውንት፣ ለነፍሰ ጡር ሚሰጠው መሆኑን፣ እምቢ ያለ ሰው ምንም እንደማይደርስበት አስረዳን። ካርቶኑን አምጥተን ያለበትን የሎት ቁጥር፣ የምርት መለያውን አሳየናቸው፣ ሲስተር ከዛው ካርቶን ዞኑ መሀል ተቀምጣ ተወጋች። ጠያቂው ራሱ የዛን ቀን አልተከተበም። ካርዱ ላይ ውሳኔው እንዳለ ተፃፈ፣ መብቱ ነው።

ሦስተኛ ሳምንት፣ መልዕክት አድራሾች

በየዞኑ ስለ ክትባቱ ሚያወሩ ታራሚዎች ያስፈልጉናል አልን። የመጀመሪያው ሃሳብ የክፍል ተጠሪዎቹን መጠቀም ነበር፣ ቀላል ነው፣ ሁሉም ይሰማቸዋል። አንድ ዞን ላይ ሞከርነውና የዛን ቀን ክፍሉ በሙሉ ከሞላ ጎደል ተከተበ። ቁጥሩ ያምራል። ግን አንድ ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሲስተር ጠጋ ብላ «ፈልገህ ነው?» ስትለው ዝም አለ። ተጠሪው አልጋ ሚመድብ፣ ተራ ሚያወጣ ሰው ነው፣ እሱ ተከተቡ ካለ እምቢ ማለት ያስፈራል። ያ ልጅ ሳይወጋ ተነሳ፣ የተጠሪዎቹን መንገድም አቆምን። የተገደደ ሰው ለከርሞ አይመጣም፣ ባይሆንም እንኳ ሰው ተገዶ የተገኘ ሽፋን አልፈልግም።

ከዛ በኋላ ዞኑ ራሱ የመረጣቸው፣ ምንም ሥልጣን የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ሆኑ። አጭር ስልጠና ሰጠናቸው። ሥራቸው ማስረዳትና ጥያቄ ሰብስቦ ማምጣት ነው፣ ማን ተከተበ ማን አልተከተበም ሚል ዝርዝር እጃቸው አይገባም። ቁጥሩ ቀስ ብሎ ነው የወጣው፣ ግን አልተመለሰም።

እዚህ ጋር ማበረታቻ ይሰጥ ሚል ሃሳብም መጥቶ ነበር፣ ለተከተበ ተጨማሪ የመጠየቂያ ሰዓት። እኔ በጣም ነው የተቃወምኩት። ልጁን ማየት ሚፈልግ አባት ፊት መርፌና የመጠየቂያ ሰዓት አንድ ላይ ካስቀመጥክለት ምርጫ አልሰጠኸውም። ቀረ። ይልቅ ሥራ ላይ ያሉት ክፍያቸው ሳይነካ ሥራ ቦታቸው ድረስ ሄደን እንከትብ ተባለ፣ እሱ ተፈቀደ፣ ወጥ ቤቱና እንጨት ሥራው በዛ መንገድ ተሸፈኑ።

ጥበቃዎቹ

አንድ ታራሚ ጥበቃውን «አለቃ፣ አንተስ ተከትበሃል?» አለው። አልተከተበም። ግቢው ውስጥ በየቀኑ ከደጅ ሚገባና ሚወጣው ሠራተኛው ነው፣ ቫይረሱንም ይዞ ሚገባው ከአዲስ ገቢና ከሠራተኛ ጋር ነው። ለሠራተኛ ሚሆን ክትባት ለብቻው አስፈቅደን በሺፍት ቅያሬ ሰዓት፣ ጠዋትና ማታ፣ ትጥቅ ሚረከቡበት ክፍል አጠገብ ወንበር አስቀመጥን። ከታራሚዎቹ ድርሻ አንድም አልተነካም፣ ይሄን አስረግጬ ነው የያዝኩት፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የኤች1ኤን1፣ የአሳማ ፍሉ ሚባለው ወረርሽኝ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ 55 ፐርሰንት የሚሆኑ የማረፊያ ቤቶች ክትባቱ ጭራሽ አልደረሳቸውም ነበር፣ እጥረት ሲመጣ ማን ከዝርዝር እንደሚወጣ ከዛ ይታያል።

ሳል የተነሳበት ሳምንት

አንድ ክፍል ውስጥ ትኩሳትና ሳል ያላቸው በአንድ ጊዜ በዙ። የታመሙት መለየት አለባቸው፣ ያለው ባዶ ክፍል ግን የቅጣት ክፍል ነው። ሰው ታምሜያለሁ ካለ ቅጣት ክፍል ሚገባ ከሆነ ማንም አይናገርም፣ ሳሉን ብርድ ልብስ ውስጥ ደብቆ ያስለዋል። አስተዳደሩ ጋር ሄደን የስልጠና አዳራሹን ለጊዜው አስለቀቅን፣ አልጋ፣ የራሳቸው እቃ፣ ስልክ ተራቸው፣ አየር መውጫ ሰዓታቸው ሳይቀር አብሯቸው ሄደ። የፍሉ መድሃኒቱ ኦሴልታሚቪር ያለን ጥቂት ስለነበረ ምልክት ከጀመራቸው 48 ሰዓት ያልሞላቸውን፣ ከነሱም ተጓዳኝ በሽታ ያለባቸውን አስቀደምን። የክፍሉ ሌሎች ሰዎች ውስጥ «ቆይ» ያሉት በዛው ሳምንት ራሳቸው ጠርተውን ተከተቡ፣ ሁለት ሳምንት እስኪሞላ አሁንም ሊታመሙ እንደሚችሉ እየነገርናቸው።

ቁጥሩ ላይ

ሽፋን ስንል በምን አካፍለን ነው? ሰው በየቀኑ ይገባል ይወጣል። ዛሬ ያሉትን ብቻ ካየን የከተብናቸውና የተፈቱት ይጠፋሉ፣ ወቅቱን ሙሉ የገቡትን ካየን ሌሊት አድረው የወጡትም ይቆጠራሉ። ሁለት ቁጥር መያዝ ላይ ደረስን፦ ዛሬ ግቢ ውስጥ ካሉት ስንቱ ተከትቧል፣ እና ከገቡት ውስጥ ስንቱ ተጠይቋል። ሁለተኛው ነው የኛን ሥራ ሚለካው። ለውጡን በጊዜ ሚያሳየው ግራፍ፣ ራን ቻርቱ፣ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ነው፣ ለየቁጥሩ በየሳምንቱ አንድ ነጥብ፣ ከነጥቡ ሥር ያን ሳምንት የቀየርነው ነገር በእስክርቢቶ ይፃፋል። ሁለቱም መስመር ከአምናው በግልፅ ይበልጣል፣ የተጠየቁት መስመር ጥበቃው ኮሪደር ጫፍ ከቆመ ጀምሮ አልወረደም። ወጪው ላይ ትልቁ የሰው ሰዓት ነው፣ በተለይ አጃቢ ጥበቃ፣ ዞን ድረስ ስንሄድ ግን እሱም ቀነሰ ምክንያቱም አንድ ጥበቃ ኮሪደር ላይ መቆሙ ሰዉን አንድ በአንድ ክሊኒክ ከማመላለስ ያንሳል። የባከነ ክትባት ያለው መልቲ ዶዝ ቫያል፣ ለብዙ ሰው ሚሆነው ብልቃጥ ላይ ነው፣ ለአንድ ሰው ተከፍቶ ቀሪው ጊዜው ያለፈበት፣ ለከርሞ ባለ አንድ ዶዝ ሲሪንጅ እንዲመጣ ጠይቀናል።

አሁን ያለንበት

ዞኖቹ አልቀዋል፣ የቀረው የአዲስ ገቢ በር ነው። የገባበት ሌሊት ላይ መጠየቅ ሞክረን አልሰራም፣ ሰውየው ገና መታሰሩን ነው ሚያስበው፣ ለሁሉም ነገር አይሆንም ነው ሚለው ወይ ለሁሉም እሺ። አሁን በመጀመሪያው የጤና ምርመራ ቀን፣ የደም ግፊት ከተለካ በኋላ፣ በር ተዘግቶ ይጠየቃል። ሌላ ቦታ ከተከተበ ወረቀቱን ይዞ እንዲመጣ እኛም ሚዛወሩትን ትንሽ ካርድ አስይዘን እንልካለን፣ ተቀባዩ ክሊኒክ ድጋሚ እንዳይወጋቸው። ፍሪጁ ውስጥ የቀረው ክትባት ጊዜው እስኪያልፍ በዚሁ ይቀጥላል፣ ሺቱ ላይ ዛሬ ማታ ባዶ ሆነው የቀሩት ስሞች ትናንት የገቡት ብቻ ናቸው፣ የነሱ ምርመራ ነገ ጠዋት ነው።